የጎማ ንፋስ መብራት ሲበራ፦ መንዳት፣ ማስነፋት፣ መቀየር ወይስ መቆም?

ባለፈው ታኅሣሥ አንድ ማለዳ ጎንደር ውስጥ ካለው ሰፈራችን ከማራኪ ተነሥተን ወደ ደባርቅ ልንሄድ ነበር። መኪናውን ሳስነሣ ዳሽቦርዱ ላይ አንድ ቢጫ መብራት በራ፤ አፉ ወደ ላይ የተከፈተ ጎድጓዳ ሣህን የመሰለ፣ መሀሉ ላይ ቃለ አጋኖ ያለበት። ወርጄ አራቱንም ጎማዎች በእግሬ መታ መታ አደረግኳቸው። ሁሉም ጠንካራ ነበሩ። የባለቤቴ ወንድም ከጎኔ ተቀምጦ «ብርዱ ነው፤ መንገድ ስንይዝ ይጠፋል» አለኝ። መስማት የፈለግኩት ይህንኑ ስለነበር ተቀበልኩት።

አምባ ጊዮርጊስን አልፈን ብዙም ሳንርቅ መሪው ወደ ቀኝ ይስበኝ ጀመር። ዳር ይዤ ስወርድ የፊት ቀኙ ጎማ ሙሉ በሙሉ ተኝቶ ቸርኬው መሬት ሊነካ ደርሷል፤ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። ስኮርታ ቀይረን ጉዟችንን ጨረስን። ማታ ጎንደር ስንመለስ ጎማውን በአዘዞ መንገድ ለሚሠሩ አንድ አዛውንት ጎሚስታ ወሰድኩላቸው። ከቸርኬው ካላቀቁት በኋላ እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደው ሲያወጡት መዳፋቸው የተፈጨ ቡና በመሰለ ጥቁር ብናኝ ተሞልቶ ነበር። «ይኸውልህ ልጄ፣ ከውስጥ ተፈጭቶ አልቋል» አሉኝ። ቀዳዳውንም አሳዩኝ፤ ከክብሪት እንጨት የማትወፍር አንዲት ሚስማር ከጎማው ጥርስ መሀል ገብታለች። «በማለዳ ብታመጣው በአንድ ልጣፊ ይድን ነበር። የገደለው ሚስማሩ አይደለም፤ መንገዱ ነው።»

በዚያ ማለዳ በፊቴ የነበሩት ምርጫዎች ጥቂት ናቸው፦ እንዳለ መንዳት፣ ቅርብ ካለ ጎሚስታ ደርሶ ማስነፋት፣ ስኮርታ መቀየር፣ ወይም ከነበርኩበት ሳልነቃነቅ ሰው መጥራት። ከእነዚህ ውስጥ ሁልጊዜ ትክክል የሚሆን የለም፤ የመጀመሪያው እንኳ ልክ የሚሆንበት ጊዜ አለ። የሚለያቸው አንድ ጥያቄ ነው፦ ንፋሱ የሚወጣው በምን ያህል ፍጥነት ነው? ለዚህ ጥያቄ ዓይንም እግርም መልስ የላቸውም፤ መልስ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ የምጽፈው በመኪናችሁ ውስጥ ኪስ የምትገባ የንፋስ መለኪያ እንዳለች አድርጌ ነው። ከሌለች ከሁሉ አስቀድማችሁ እሷን ግዙ።

መብራቱ የሚነግረንና የማይነግረን

መብራቱ የሚበራው በአብዛኛው የአንድ ጎማ ንፋስ አምራቹ ካዘዘው መጠን ከ20 እስከ 25 በመቶ ሲጎድል ነው። በ33 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት የሚለካበት አሃድ ነው) መሄድ የሚገባው ጎማ 25 አካባቢ ወርዷል ማለት ነው። የዛሬ ጊዜ ጎማ ደግሞ የንፋሱን ሩብ አጥቶም ቆሞ ሲታይ ደህና ይመስላል። መሬት የሚነካው ክፍል ጎኑ ምንጊዜም ትንሽ ያበጠ ስለሆነ፣ ከወትሮው የበለጠ ማበጡን ዓይን አይለየውም። በእግር መምታትም ያው ነው፤ በ33 እና በ25 መካከል ያለውን ልዩነት እግር አያውቀውም። መብራቱ ያየውን እኛ ስላላየነው ተሳስቷል ማለት አይቻልም።

በርቶ የሚቆይ መብራትና ብልጭ ድርግም የሚል መብራት ግን ትርጉማቸው ይለያያል። በርቶ ከቆየ ንፋስ ጎድሏል። ሞተሩ ሲነሣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ብልጭ ድርግም ብሎ ከዚያ በኋላ በርቶ የሚቀር ከሆነ ግን የታመመው ራሱ መለኪያው ነው፤ ጎማው ውስጥ ሆኖ ንፋሱን የሚለካው መሣሪያ፣ ማለትም የሴንሰሩ፣ ባትሪ አልቋል፣ ወይም ጎማ ሲፈታ ሴንሰሩ ተሰብሯል። ይህ ጉዞ የሚያስቀር አይደለም። ሆኖም ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎማውን የሚጠብቅላችሁ ስለማይኖር በእጅ መለካት ግዴታ ይሆናል።

ንፋሱ የሚለካበት መንገድም ሁለት ዓይነት ነው። በአንዳንድ መኪኖች በየጎማው ውስጥ ከቫልቩ ጋር የታሰረ ሴንሰር አለ፤ እነዚህ ብዙውን ጊዜ የየጎማውን ቁጥር ለይተው ያሳያሉ። ሌሎቹ የሚጠቀሙት ኤቢኤስ፣ ማለትም ጎማው ሲረገጥ ቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚያደርገው ፍሬን፣ የጎማውን አዟዟር የሚቆጥርበትን መሣሪያ ነው። ንፋሱ የጎደለ ጎማ ዙሪያው ስለሚጠብ ከሌሎቹ ፈጠን ብሎ ይዞራል፤ መኪናው ይህን ያይና መብራቱን ያበራል። የዚህኛው ድክመት አራቱም ጎማዎች በዝግታ እኩል ሲጎድሉ ልዩነት አለማየቱ ነው። መኪናችሁ የየትኛው ዓይነት እንደሆነ ማወቅ ጎሚስታ ፊት ስትቆሙ ይጠቅማችኋል፤ ወደዚያ እመለስበታለሁ።

መብራቱ ለብዙዎቻችን አዲስ የሆነበት ምክንያት አለው። ለዓመታት በከተማችን የተመላለሱት አሮጌ ቪትዞችና ኮሮላዎች አብዛኞቹ ይህ መብራት የላቸውም። አሜሪካ ጎማ እየፈነዳ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2000 ሕግ አወጣች፤ ከ2008 ሞዴል ጀምሮም ለቀላል መኪኖች ሁሉ ግዴታ አደረገችው። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2014፣ ቻይና ደግሞ ከ2020 መባቻ ጀምሮ በአዲስ መኪኖች ላይ ግዴታ አድርገውታል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖች አብዛኞቹ የቻይና ሥሪት ናቸውና መብራቱም አብሯቸው ገባ። በሹፌርነት ሠላሳ ዓመት የቆየ ሰው እንኳ ይህን ምልክት ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው አሁን ሊሆን ይችላል።

ብርድ ነው ወይስ ቀዳዳ?

የባለቤቴ ወንድም ያለው ከመሬት ተነሥቶ አይደለም። አየር ሲቀዘቅዝ ግፊቱ ይቀንሳል፤ በ6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ልዩነት አንድ ፒኤስአይ ገደማ። በታኅሣሥና በጥር የጎንደር ንጋት 10 ዲግሪ አካባቢ ሲሆን ከሰዓቱ 27 እና 28 ይደርሳል። ይህ ብቻውን ወደ 3 ፒኤስአይ የሚጠጋ ልዩነት ያመጣል። ንጋት ላይ በርቶ ረፋድ ላይ የሚጠፋ መብራት የምናየው በዚህ ምክንያት ነው።

ነገር ግን ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እናስላው። ጎማው በ33 ጀምሮ ቢሆን ኖሮ ብርዱ 3 ቢቀንስለት 30 ላይ ይቆም ነበር፤ መብራቱ ደግሞ 25 አካባቢ ነው የሚበራው። የቀሩት 5 ፒኤስአይ የት ሄዱ? ወይ ጎማው የተሞላው ከሰዓት በኋላ፣ ፀሐይ እያገኘውና ከመንገድ ግሎ ሳለ ስለነበር 33 የተባለው ሲቀዘቅዝ ከ30 በታች የሆነ ነው። ወይ ወራት ያልተለካ ነው፤ ደህና ጎማም በወር አንድና ሁለት ፒኤስአይ ማጣቱ የተለመደ ነው። ወይ ቀዳዳ አለው። ብርዱ የመጨረሻዋን ጠብታ ብቻ ነው የጨመረው። ስለዚህ «ብርድ ነው» የሚለው መልስ እውነት ቢሆንም እንኳ ጎማው መሞላት አለበት። መብራቱ ረፋድ ላይ ጠፍቶልን ብንተወው የሚቀጥለው ማለዳ ያበራዋል፤ በመካከሉ በጎደለ ንፋስ እንነዳለን።

ብርድን ከቀዳዳ የሚለየው አራቱን ጎማዎች ጎን ለጎን መለካት ነው። አራቱም ተቀራራቢ ሆነው ዝቅ ካሉ፣ ለምሳሌ 26፣ 27፣ 25፣ 26 ከሆኑ፣ ብርድና መዘናጋት ነው፤ አስነፍታችሁ ጉዟችሁን መቀጠል ትችላላችሁ። ሦስቱ 31 ሆነው አንዱ 24 ከሆነ ግን ያ አንዱ ቀዳዳ አለው፤ ወይም ቫልቩ ወይም ቸርኬው ያስተነፍሳል። ያን ማለዳ ይህን ሁለት ደቂቃ ብሰጠው ኖሮ ጎማዬ ዛሬም ይሠራ ነበር።

ወደ ቆላ ለሚመላለሱ ሰዎች ሌላ ጣጣ አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ትላለች፤ መተማ ከ1,000 ሜትር በታች ነው። መተማ ላይ በ38 ዲግሪ ሙቀት የተሞላ ጎማ ጎንደር ላይ በ12 ዲግሪ ማለዳ ሲለካ ብርዱ 4 ፒኤስአይ ያህል ይወስድበታል፤ ከፍታው ደግሞ በዙሪያው ያለውን አየር ስለሚያሳሳው ወደ 2 ያህል ይመልስለታል። ሲጣፋ 2 ይጎድላል። ቁልቁል ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል፤ ጎንደር ማለዳ በትክክል የተሞላው ጎማ መተማ ሲደርስ ግሎ ከፍ ያለ ቁጥር ያሳያል። ያን ጊዜ «በዝቷል» ብሎ ንፋስ ማስወጣት ትልቅ ስሕተት ነው። አምራቹ የጻፈው ቁጥር ለቀዘቀዘ ጎማ ነው፤ መኪናው ቢያንስ ሦስት ሰዓት ቆሞ፣ ወይም ከአንድ ኪሎ ሜትር ተኩል ያልበለጠ ሄዶ የሚለካው ነው። የጋለ ጎማ ከዚያ በላይ ማሳየቱ ትክክለኛ ጠባዩ ነው።

መንዳት ወይስ መቆም?

እኔ የምከተለው እንዲህ ነው። መብራቱ በርቶ መሪው ወደ አንድ ጎን ከሳበ፣ ከሥር የመንደቅደቅ ድምፅ ከተሰማ ወይም የኋላው ቂጥ ወዲያና ወዲህ ካለ ምርጫ የለም፤ ፍሬን በኃይል ሳልረግጥ፣ ነዳጁን ለቅቄ ቀስ እያልኩ ዳር እይዛለሁ። ጎማውን እዚያው እቀይራለሁ እንጂ «ትንሽ ልጠጋ» አልልም። ንፋስ የሌለው ጎማ ጎኑ በየዙሩ ይታጠፋል፤ መታጠፉ ያግለዋል፤ ሙቀቱ ውስጡን እንደ ወፍጮ ይፈጨዋል። ያቺ መዳፍ ሙሉ ጥቁር ብናኝ የተፈጠረችው በጥቂት ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው።

መኪናው እንደ ወትሮው የሚሄድ ከሆነ ግን አስፋልት መሀል መደናገጥ አያስፈልግም። ፍጥነት ቀንሼ ሰው የሚኖርበትና መሬቱ ሜዳ የሆነ ቦታ እስካገኝ እሄድና እለካለሁ። የተለካው ጎማ ከ20 ፒኤስአይ በላይ ከሆነ ቁጥሩን እጽፈዋለሁ፤ አሥር ደቂቃ ቆሜ ደግሜ እለካለሁ። ካልወረደ ከ50 ኪሎ ሜትር በሰዓት ሳልበልጥ እስከ ቅርብ ጎሚስታ ድረስ እነዳለሁ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ ሁለትና ሦስት ከወረደ፣ ወይም ከመጀመሪያውም ከ20 በታች ከሆነ አልነዳውም።

ይህ ውሳኔ ቦታንም ይመለከታል። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባለው መንገድ ላይ ስትሆኑ ጎሚስታ ማግኘት አይከብድምና መጠጋት ትክክል ነው። ከዳባት ወዲያ ወይም ከአዘዞ ወደ ጎርጎራ በሚወስደው መንገድ ላይ ግን በሁለት ከተሞች መካከል ያለው ርቀት አንድ ጎማ ለመግደል ይበቃል። እዚያ ላይ ስኮርታ ቶሎ መቀየር ይሻላል። ከደባርቅ አልፋችሁ ሊማሊሞን ልትወርዱ ከሆነማ መብራቱ እንደበራ አትጀምሩት። በዚያ ጠመዝማዛ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሚይዘው በጎማው ነው፤ ንፋስ የጎደለው የፊት ጎማ ኩርባ ላይ የሚያደርገውን በራሴ ላይ ማየት አልፈልግም።

ስኮርታ፣ ማሸጊያ ፈሳሽ ወይስ ትንሽ ኮምፕሬሰር?

ሙሉ ስኮርታ ያለው መኪና ባለቤት ዕድለኛ ነው፤ ንፋሱን እስካልረሳው ድረስ። ከሁሉ ጎማ ይልቅ ሳይለካ የሚከርመው ስኮርታ ነው። ቀጭኑን ጊዜያዊ ስኮርታ የያዛችሁ ደግሞ ሁለት ነገር አስታውሱ፦ ብዙውን ጊዜ 60 ፒኤስአይ ነው የሚፈልገው፤ ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይም አይነዳም። እስከ ጎሚስታ ለመድረስ እንጂ ባሕር ዳር ለመሄድ የተሠራ አይደለም።

መቀየሩን ብዙ ሰው ያውቀዋል፤ እኔ የምጨምረው ስለ ዳገት ብቻ ነው። ከተማችን ሜዳ ከዳገት የሚያንስባት ናት። ወደ ጎሃ በሚወጣው መንገድ ላይ ጎማ መቀየር ካለባችሁ የእጅ ፍሬኑን ብቻ አትመኑ፤ በሰያፍ ካለው ጎማ ሥር በቁልቁለቱ በኩል ትልቅ ድንጋይ ታኮ አድርጉ። ዳዶዎቹን መኪናው ከመነሣቱ በፊት አላሉ፣ ከዚያ ክሪኩን አስገቡ። የኤሌክትሪክ መኪና ከሆነ ክሪኩ የሚያርፈው አምራቹ ምልክት ባደረገበት ቦታ ብቻ ነው። ከወለሉ ሥር በሙሉ የተዘረጋው ባትሪ ነው፤ በዘፈቀደ የገባ ክሪክ የሚወጋው እሱን ነው። ጎሚስታ ሲያነሣላችሁም አጠገቡ ቆማችሁ አሳዩት። እነዚህ መኪኖች በቅርብ ጊዜ የመጡ ስለሆኑ ቦታውን አለማወቁ ነውር አይሆንበትም።

ከአዲሶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም። በምትኩ አንድ ጠርሙስ ማሸጊያ ፈሳሽና በመኪናው ሶኬት የሚሠራ ትንሽ ኮምፕሬሰር ይሰጣሉ። እዚህ ላይ ያለኝ ፍርድ ግልጽ ነው፦ ኮምፕሬሰሩን ውደዱት፣ ፈሳሹን አቆዩት። ኮምፕሬሰሩ በአብዛኛው ያለ ፈሳሹ ብቻውን ይሠራል፤ በዝግታ የሚያስተነፍስን ጎማ ሞልታችሁ፣ በየሃያ ኪሎ ሜትሩ እየለካችሁ ቤት ልትገቡ ትችላላችሁ። ፈሳሹ የሚጠቅመው ጥርሱ ላይ ላለች ትንሽ ቀዳዳ ነው፤ ጎኑ ለተቀደደ ጎማ ምንም አይሠራም። ጎማው ውስጥ ሲገባም ሴንሰሩን ሊደፍነው ይችላል፤ ጎሚስታውም ከመለጠፉ በፊት ያንን ሙጫ ማጠብ ይኖርበታል። የአገልግሎት ጊዜውም ጠርሙሱ ላይ ተጽፏልና ካለፈበት አትተማመኑበት። ከተማ ውስጥ ፈሳሹን የምከፍትበት ምክንያት አይታየኝም። መሽቶ፣ ቀዳዳው አየሩን ቶሎ እያስወጣ፣ ከከተማ ውጭ ከቤተሰብ ጋር ከሆናችሁ ግን አታመንቱ፤ ለዚህ ቀን ነው የተሠራው።

ስኮርታ የሌለው መኪና ልትገዙ የምታስቡና ወደ ገጠር የምትመላለሱ ከሆነ፣ ተመሳሳይ ልክ ያለው ጎማና ቸርኬ ገዝታችሁ የረጅም መንገድ ቀን ከኋላ መጫኑ ቦታ ቢይዝም ያዋጣል።

ጎሚስታው ዘንድ

ጎሚስታው መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ «ስንት ልሙላው?» ብሎ ነው። መልሱ የሹፌሩን በር ስትከፍቱ ምሰሶው ላይ ከተለጠፈው ጽሑፍ ላይ ይገኛል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ቁጥር መልስ አይደለም፤ እሱ ጎማው ሊሸከም የሚችለው ከፍተኛው ግፊት ነው። የፊትና የኋላ መጠን ሊለያይ ይችላል፤ ሰውና ዕቃ ሲሞላ የሚያስፈልገውም ብዙ ጊዜ ለብቻ ተጽፏል። ጽሑፉ በኪሎፓስካል ከሆነ 230 ማለት 33 ፒኤስአይ፣ 250 ማለት 36 ነው፤ በባር ከሆነ 2.3 እና 2.5። የኤሌክትሪክ መኪኖች ከባድ ስለሆኑ ቁጥራቸው ብዙውን ጊዜ ከፍ ይላል፤ ለሁሉም መኪና በልማድ «30 አድርገው» ማለት ለእነሱ ከጅምሩ ጉድለት ነው። ነድታችሁ ስለመጣችሁ ጎማው ሞቋል፤ ከተጻፈው በላይ 3 ወይም 4 ጨምራችሁ አስሞሉና በማግስቱ ማለዳ በራሳችሁ መለኪያ አስተካክሉ።

ከዚያ ቀዳዳውን ማሳየት ነው። ሳሙና የተቀላቀለበት ውሃ ጎማው ላይ ሲፈስ ንፋስ በሚወጣበት ላይ ትንንሽ አረፋ እየተነፋ ይወጣል። ጥርሱ ላይ ብቻ አትፈልጉ። ቫልቩ አፍ ላይ ጠብታ አድርጉ፤ ጎማና ቸርኬው የሚገናኙበትን ዙሪያም አስፈትሹ። በየሰፈሩ የኮብልስቶን ጉድጓድ የመታው ቸርኬ ጠርዙ ትንሽ ጎብጦ በዚያ በኩል ለሳምንታት ሲያስተነፍስ፣ ባለቤቱ በየሦስት ቀኑ ሲያስነፋ ይኖራል። እንዲህ ላለው መፍትሔው ቸርኬውን ማስቃናት ነው።

ቀዳዳው ጥርሱ ላይ ከሆነ ምርጫው ወደ ሁለት ይወርዳል። አንደኛው ጎማውን ሳይፈቱ ሙጫ የተቀባ የላስቲክ ገመድ ከውጭ ወግቶ መድፈን ነው፤ ፈጣንና ርካሽ ነው። ሁለተኛው ጎማውን ከቸርኬው አላቅቆ ከውስጥ መለጠፍ ነው፤ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል። እኔ ከውጭ የሚደፈነውን እንደ መሸጋገሪያ ነው የማየው፤ ከተማ ውስጥ ለጥቂት ቀን ይሁን። ከከተማ የሚወጣ መኪና ከውስጥ ይለጠፍ። ምክንያቴ ልጣፊው ጠንካራ ነው የሚል ብቻ አይደለም፤ ጎማው ሲፈታ ውስጡ ይታያል። ጎንደር የደረሰው ጎማዬ በውጭ በኩል ምንም አይነት ጉዳት አይታይበትም ነበር፤ ከውጭ ደፍነን ብንሞላው ንፋስ ይይዝ ነበር፤ ከዚያም አንድ ቀን በፍጥነት ላይ ይፈነዳ ነበር። ስለዚህ መብራት በርቶ ረጅም መንገድ የተነዳን ጎማ ሳታስፈቱ አታስደፍኑ።

ቀዳዳው ከ6 ሚሊ ሜትር ከሰፋ፣ ወይም ጎኑ ላይ ከሆነ አይለጠፍም። ጎኑ በየዙሩ የሚታጠፍ ክፍል ስለሆነ ልጣፊ አይይዝም። «የውስጥ ጎማ ላግባልህ» የሚል ሐሳብ ይቀርብላችሁ ይሆናል። ሴንሰር ላለው መኪና ይህ አይሆንም፤ የውስጥ ጎማው የራሱን ቫልቭ ይዞ ስለሚመጣ ሴንሰሩ መውጣት አለበት። ሴንሰር ለሌለውም ቢሆን የተቀደደ ጎንን የውስጥ ጎማ አያጠነክረውም። እዚህ ላይ አዲስ ጎማ ከመግዛት ሌላ የምመክረው የለኝም፤ ውድ መሆኑን አውቃለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ከመፈታቱ በፊት ተናገሩ፦ «ሴንሰር አለው፤ ከቫልቩ ሥር ነው።» ጎማ ማላቀቂያው ብረት ያለ ጥንቃቄ በቫልቩ በኩል ከገባ ሴንሰሩን ይሰብረዋል። አዛውንቱ ጎሚስታ ይህን ስነግራቸው ጎማውን አዙረው ቫልቩን ወደ ራሳቸው አመጡና ብረቱን ከማዶ አስገቡት። የቫልቩ ክዳን ቢጠፋባችሁም የፕላስቲክ ግዙ፤ ብረቱ ያምራል፣ ነገር ግን በአሉሚኒየም ቫልቭ ላይ ዝጎ ይጣበቅና ሲፈታ ቫልቩን ይዞ ይሰበራል።

ናይትሮጅን ስለ መሙላት ለሚጠይቁኝ፦ የምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ተጨማሪ ገንዘብ ከፍሎ ከመሙላት በወር አንድ ጊዜ መለካት ይበልጣል።

ተሞልቶም መብራቱ ካልጠፋ

አትደንግጡ። ሴንሰር ያላቸው ብዙ መኪኖች ለጥቂት ደቂቃ ተነድተው ካልሆነ አዲሱን ቁጥር አያነቡም። በኤቢኤስ የሚሠሩት ደግሞ አራቱም ጎማ በትክክል ከተሞላ በኋላ «አሁን ያለው ትክክል ነው» መባል ይፈልጋሉ፤ ይህን የምትነግሩበት ቁልፍ መሪው አካባቢ ወይም በስክሪኑ ውስጥ ይገኛል። ቁልፉን ጎማ ሳይሞላ መጫን ግን የጎደለውን ንፋስ ትክክል ነው ብሎ ማስተማር ነው። ስኮርታ ካሰራችሁም ብዙ ጊዜ ሴንሰር ስለሌለው መብራቱ ዋናው ጎማ እስኪመለስ ይቆያል።

ሴንሰሩ በእርግጥ ከሞተ ሁለት መንገድ አለ፤ መቀየር ወይም መብራቱን ለምዶ መኖር። የሴንሰር ባትሪ በአብዛኛው ከ5 እስከ 10 ዓመት ያገለግላል፤ ብቻውን አይቀየርም፣ ሴንሰሩ በሙሉ ነው የሚቀየረው። ሴንሰሩ ለመኪናችሁ ሞዴል የሚስማማ መሆኑንና ከመኪናው ኮምፒውተር ጋር የሚያስተዋውቅ መሣሪያ ያለው ባለሙያ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትግዙ። ከሁለቱ አንዱ እስኪገኝ በየሳምንቱ ቅዳሜ ማለዳ፣ መኪናው ሳይነሣ፣ አራቱን መለካት መብራቱን ይተካል፤ እኔም ለጊዜው እንዲሁ እያደረግኩ ነው፤ የአንዱ ጎማዬ ሴንሰር ከዚያ ጉዞ ወዲህ አልሠራምና። መኪናው ሰባትና ስምንት ዓመት ከሆነው ደግሞ አንዱን ብቻ አስቀይሮ ሌላው በቅርቡ እንዲከተል ከመጠበቅ፣ ጥርሱ አልቆ አራቱም ጎማ በሚቀየርበት ቀን አራቱንም ሴንሰር አብሮ ማስገባት ይሻላል፤ ጎማው በዚያ ቀን የሚፈታው በአንድ ሒሳብ ነው።